እጄን ከአፌ ላይ ሳነሣ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ባለፉት አምስት ዓመታት የተነሣችኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ተመልከቱ። ስንቱ ላይ እየሳቃችሁ ነው? ስንቱ ላይ ጥርሳችሁ ይታያል? አሥርም ሃያም ካገኛችሁ ይህን ጽሑፍ እንደ ሰው ታሪክ አንብቡት። አንድም ካላገኛችሁ ግን ትንሽ ቀረብ በሉ፤ የማወራው ስለ እናንተም ሊሆን ይችላል።

እኔ እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ድረስ ጥርሴ የሚታይበት አንድም ፎቶግራፍ አልነበረኝም። የሰርጌ አልበም ውስጥ መቶ ሃያ ፎቶ አለ፤ በሁሉም ላይ ከንፈሬ እንደ ፖስታ ታሽጓል። ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ደግሞ ሥራዬ ነው። ለአሥራ ሰባት ዓመት አዳማ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ፎቶ አንሺ ነበርኩ። እንጀራዬ ሰውን ማሳቅ ነበር።

«እስቲ ፈገግ በሉ! ጥርስ አሳዩኝ! ሙሽሪት፣ ምን ሆነሻል፣ ዛሬ እኮ ሰርግሽ ነው!» እያልኩ ከካሜራው ኋላ እጮኻለሁ። ከካሜራ ኋላ መሆን ደስ ይላል፤ ማንም አያያችሁም። ሙያውን የመረጥኩት ለዚህ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን የጠየቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

የተወለድኩት ከአዳማ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ዎንጂ ነው። ስኳር ፋብሪካውን ሆላንዶች በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመሩት በኋላ እንጀራ ፍለጋ ከየአገሩ ወደዚያ የጎረፈው ሰው ብዙ ነው። አባዬም በወጣትነቱ ከከምባታ ደጋ መጥቶ ሸንኮራ ቆራጭ ሆኖ ቀረ። እማዬም የዚያው አገር ልጅ ናት። እኛ ልጆቻቸው ካምፕ ውስጥ ሸንኮራ እየጋጥን፣ በመስኖው ቦይ እየተንቦጫረቅን፣ የጉድጓድ ውኃ እየጠጣን አደግን። የሁላችንም ጥርስ በልዟል። የአንዱ ቢጫ ነው፣ የአንዱ ቡናማ፣ የሌላው ደግሞ ምርጊቱ እንደረገፈ ግድግዳ የተቦረቦረ። ሁሉም እንደዚያ ሲሆን ግን የሚሳቀቅ አይኖርም። ካምፕ ውስጥ ሳለሁ ጥርሴ ከሌላ ሰው ጥርስ እንደሚለይ እንኳ አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት ዘጠነኛ ክፍል ለመማር አዳማ ስገባ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መምህር ባልገባበት ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ ቀልድ ተናገረና ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ፣ ጥርስሽ ዝጓል እንዴ?» አለ። ክፍሉ ከመጀመሪያው ቀልድ ይልቅ በዚህኛው ሳቀ። ያን ቀን እጄ ወደ አፌ ሄደ። ለሃያ ሁለት ዓመትም እዚያው ቆየ።

ያልሞከርኩት የለም። ከሰል ፈጭቼ ፈገፈግኩት። ጨው በሎሚ ለውሼ አሸሁት። አመድም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ከገበያ የተገዛ መፋቂያ ሁሉ ደሜ እስኪፈስ ድረስ ተራ በተራ ተሞከረ። ጎረቤት «የሸንኮራው ነው» ይላል። እማዬ ደግሞ «ሰነፍ ስለሆንሽ ነው፤ እኔ ጠዋት ማታ እየፋቅኩ ነው ያደግኩት» ትለኛለች። የእሷ ጥርስ ሀጫ በረዶ ነበር። የአባዬም እንዲሁ። እንግዲህ ወላጆቿ ነጭ ጥርስ ይዘው እሷ ብቻ የበለዘባት ልጅ ምን ብላ ታስብ? ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ፊልም የሚታጠብበት ዘመን ነበር፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቼ የሰው ፊት ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ማየት እወድ ነበር። ከዚያ ዲጂታል መጣ፣ ፎቶሾፕ መጣ። ሁሉንም ለመድኩ። ናዝሬት የምንላት ከተማ አዳማ ስትባል ለመድኩ። ጋሪው ከመንገድ ወጥቶ ባጃጅ ሲገባ ለመድኩ። ሰዎች «ለውጥ አትፈሪም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ውጭ ያለውን ለውጥ መልመድ ግን ብዙም አይከብድም። ባትለምዱትም መምጣቱ አይቀር!

ፎቶሾፕ የሰጠኝ ትልቁ ችሎታ ጥርስ ማንጣት ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ከመቂ፣ ከቆቃ፣ ከዓለም ጤና፣ ከዝዋይ ለሰርግና ለምርቃት ፎቶ የሚመጡ ደንበኞች ብዙዎቹ እንደ እኔው ናቸው። ከንፈራቸውን ገጥመው ሲቆሙ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ አውቀዋለሁ። «አይዞሽ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ብዬ በጆሯቸው ሹክ እላለሁ። በደግነት ነበር የማደርገው። ስንት ሺህ ጥርስ እንዳነጣሁ እግዜር ይወቅ። የራሴን ግን በፎቶሾፕ እንኳ ለማንጣት የሚሆን ፎቶ አልነበረኝም።

ገንዘብ ማጠራቀም የጀመርኩት በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግር፣ ከሰርግ ሥራ የማገኛትን ጉርሻ እየቆጠብኩ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን በጠዋት ተነሥቼ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ገባሁና ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ገና አፌን ሳልከፍት፣ እጄ የት እንዳለ አይታ ነው መሰለኝ፣ «የት ነው ያደግሽው?» አለችኝ።

«ዎንጂ።»

«የጉድጓድ ውኃ ነበራ የምትጠጡት?»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ጥርሴ የተጠየቅኩት የመጀመሪያው ጨዋ ጥያቄ ይህ ነበር። አስረዳችኝ። የእኛ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው መሬት ነው። ከሥር ያለው ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለትና አመድ ውስጥ ሲያልፍ፣ ብዙ ቦታም እየሞቀ ሲያልፍ፣ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ለጥርስ ይጠቅማል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የሚገኘው ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለ ሕፃን፣ እስከ ስምንት ዓመቱ ገደማ ይህን ውኃ ከጠጣ፣ ጥርሱ ሲበቅልም በልዞ ይበቅላል። ካደገ በኋላ የጠጣው ሰው ግን ጥርሱ አይበልዝም። የእማዬና የአባዬ ጥርስ ለምን ነጭ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እነሱ ጥርሳቸውን ያበቀሉት በደጋ ውኃ ነበር።

በኋላ ሳነብ እንዳገኘሁት፣ አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም ሥራ ሊጀምር ሲሄድ የአገሬው ሰው ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ሰዎቹም ምክንያት አላጡም ነበር፤ የአሳማ ሥጋ ስለምናበዛ ነው፣ ወተቱ ጥሩ ስላልሆነ ነው ይሉ ነበር። ጥፋተኛው ውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እነሱ አሳማውን ሲከሱ፣ እኛም ሸንኮራውን ስንከስ ኖርን። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ። መፍትሔ አለው አለችኝ። ቀለል ላለው ማንጣት ወይም ላይ ላዩን በስሱ መፋቅ ሊበቃ ይችላል፤ እንደ እኔ ለከበደው ግን የፊት ጥርሶችን ጥቂት ሞርዶ ሽፋን መለጠፍ ይሻላል። አንዴ የተሞረደ ጥርስ መልሶ እንደማይተካ፣ ሽፋኑም ዘላለማዊ እንዳልሆነ አልደበቀችኝም። ዋጋውን ስትነግረኝ ያጠራቀምኩት እንደሚበቃ አወቅኩ። «አስቤበት እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ወደ አዳማ በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። ስለ ዋጋው አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት በከሰልና በአመድ የፈገፈግኩት ቆሻሻ ሳይሆን ራሱ ጥርሴ ስለነበረ ነው። ደግሞም «ሰነፍ ስለሆንሽ ነው» የሚለውን ቃል አምኜው ስለኖርኩ።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ የእህቴ ልጆች ቤታችን መጥተዋል። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያደገችው ከአዋሽ ወንዝ ተጠልፎ በሚጣራው የአዳማ ቧንቧ ውኃ ስለሆነ ጥርሷ ወተት ነው። አንዱ ልጅ የሆነ ነገር ተናግሮ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። የእኔ ልጅ ግን ስትስቅ ቀኝ እጇን አነሣች፣ አራት ጣቶቿን ገጠመች፣ አፏን ሸፈነች፣ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አደረገች። የእኔ እጅ ነው! የእኔው አንገት ነው! መስታወት ያየሁ መሰለኝ።

«ለምንድን ነው አፍሽን የምትሸፍኚው?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እማ፣ ትልቅ ሴት ስትስቅ እንደዚህ አይደል እንዴ?»

እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችን ከምንነግራቸው ይልቅ የምናደርገውን እንደሚማሩ በዚሁ መጽሔት ላይ ስንት ጊዜ ተነብቧል። እኔም አንብቤዋለሁ። ያን ቀን ግን የሲኒውን ረከቦት እንደያዝኩ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ጥርሴን ውኃው አበለዘው፤ እሺ። የልጄን እጅ ግን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ሴት ልጅ ስትስቅ በነጠላዋ አፏን መከለሏ በባህላችን ያለ ነገር ነው፤ በደስታ የምታደርገውን ሰው አልነካም። የእኔ ግን ጨዋነት ሳይሆን መደበቅ ነበር፤ ልዩነቱን የማውቀው ራሴ ነኝ።

ከልጄ ጋር ውል ገባን። አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አዘጋጀን፤ ስትስቅ አፏን የሸፈነች አምስት ብር ትከፍላለች። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ መቶ አሥራ አምስት ብር ከፈልኩ። እሷ አሥር ብር። ባለቤቴ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ተሾመና ደስታውን አልቻለውም። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ከባድ ነበር። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ በሰው ፊት ስትስቁ ልብስ ሳትለብሱ አደባባይ የወጣችሁ ያህል ይሰማችኋል። ሁለት ጊዜ ማኅበር ላይ ሳቄን ጀምሬ መሀል ላይ ዋጥኩት። አንዲት የማኅበሬ አባል ሳቄን ሳልሸፍን ስጨርስ አይታ «ውይ፣ አንቺ ለካ ድምፅ አለሽ!» አለችኝ። ለካ እጄ የከለከለው ጥርሴን ብቻ አልነበረም።

ሥራዬም አብሮ መናጋት ጀመረ። ከመቂ የመጣች አንዲት ሙሽራ ነበረች፤ እንደ ልማዴ ሳትጠይቀኝ ጥርሷን አንጥቼ አልበሟን አስረከብኩ። በሳምንቱ ከእናቷ ጋር ተመለሱ። እናትየው አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀሉ፣ «ልጄ፣ ይህቺን እኔ አልወለድኳትም» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነበር፤ የእሳቸውም ጥርስ እንደ ልጃቸው ነው። ሙሽራዋ ብቻ አንገቷን ደፍታ «እሱ ሲያየው ‹ከማን ጋር ነው የተጋባሁት?› ብሎ ሳቀብኝ» አለች። በራሴ ወጪ ሁሉንም እንደገና አሳተምኩላት። ያ ልጅ «ዝጓል» ያለኝን ነገር እኔ በደግነት አስመስዬ ለሺህ ሰው ስደግም መኖሬ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ «ጥርስዎን ላንጣው ወይስ እንዳለ ልተወው?» ማለት ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፤ አብዛኞቹ «አንጪው» ነው ያሉኝ። መብታቸው ነው፣ አነጣሁላቸው። ጥቂቶቹ ግን ትንሽ ዝም ይሉና «እስቲ... ተዪው» ይላሉ። ያቺ ዝምታ ደስ ትለኝ ነበር። የፎቶ ቤቱን ባለቤት ግን ደስ አላላቸውም። «ሰው የሚከፍለው ለማማር ነው፤ አንቺ ጥያቄ ታበዢያለሽ» አሉኝ። እሳቸውም አልተሳሳቱም፤ ስልክ ሁሉንም ሰው ፎቶ አንሺ ስላደረገው ገበያው እየቀዘቀዘ ነበር። ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምሩ «እኔን ቀንሱኝ» አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ቀጣዩ ተራ የእኔ መሆኑን አውቄ ነበር።

የጥርሴን ገንዘብ አውጥቼ ያገለገለ ካሜራና አንድ ጥሩ ሌንስ ገዛሁ።

ይህን ስሰማ «ታዲያ ደስተኛ ሆነች» ብላችሁ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። የልደትና የምርቃት ሥራ እየለቀምኩ የማገኘው የቀድሞ ደሞዜን ግማሽ አይሞላም። ለብዙ ወር የቤት ኪራዩን የከፈለው ባለቤቴ ብቻውን ነው። አንድ ምሽት «ጥርስሽን አሠርተሽ ሥራሽ ላይ ብትቆዪ አይሻልም ነበር?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በዚያው ዓመት ጥርሱን አሠራና አምሮበት መጣ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው። ሲስቅ ቤቱ ይበራል። «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይለኛል። እሱን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ትክክል አድርጓል። የእሱ ለውጥ በዚያ በኩል ሄደ፣ የእኔ በዚህ በኩል።

በትርፍ ጊዜዬ ግን ለማንም የማልሸጠው ሥራ ጀመርኩ። ከሞጆ ተነሥቼ በደቡቡ መንገድ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ እያልኩ የሸለቆውን ሰው ሲስቅ ማንሣት። መቂ ላይ ቲማቲም የሚጭኑ ልጆች። ባቱ ሐይቅ ዳር፣ አባ ኮዳዎቹ ዓሣ ሲጠብቁ አጠገባቸው የቆመ ዓሣ አጥማጅ። አዳሚ ቱሉ ላይ ቡና የምትሸጥ ሴት። ሕጌ አንድ ነው፤ ካሜራውን ከማንሣቴ በፊት መጀመሪያ እኔ እስቃለሁ። ጥርሴን ያዩታል። ከዚያ ወዲያ ማንንም «ፈገግ በል» ብዬ ለምኜ አላውቅም። አንድ የዓለም ጤና ሽማግሌ ትክ ብለው አይተውኝ፣ «አሃ፣ የእኛው ልጅ ነሻ!» ብለው ነው የሳቁልኝ።

ከሁሉም የከበደኝ የአባዬ ፎቶ ነው። ጥርሱ ዛሬም ነጭ ነው። ግን ብዙ ዓመት የጠጣውን ውኃ ያጠራቀመው አጥንቱ ነው። ፍሎራይድ ሲበዛና ሲቆይ አከርካሪን ያደርቃል፣ መገጣጠሚያን ያስራል። አባዬ አንገቱን ብቻውን ማዞር አይችልም፤ ስትጠሩት እንደ በር ሙሉ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። ልጆች ሳለን በካምፑ ብዙ አባቶች እንደዚያ ሲዞሩ እናይ ነበር፤ እርጅና ይመስለን ነበር። በጎኑ ቆሜ «አባዬ!» ብዬ ጠራሁት፤ ዞሮ ሲጨርስ እየሳቀ ነበር። ያቺን ቅጽበት ነው ያነሣሁት። ስለ ጥርሴ ስጨነቅ በኖርኩበት ቤት ውስጥ ከባዱን ነገር ማን ተሸክሞት እንደነበር ያኔ አየሁ።

በሸለቆው የምትኖሩ ወላጆች ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውኃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ግን የመሬቱን ፍሎራይድ አይዞም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያም አለ፤ ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ። ሕፃን ካላችሁ የምትጠጡት ውኃ ከየት እንደሚመጣና ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ያልተጠየቀልኝ ልጅ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ከፎቶዎቹ ሠላሳውን አሳትሜ ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ግቢ ውስጥ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በቆንጥጫ ሰቀልኳቸው። ማክያቶ ሊጠጣ የገባው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ አብዛኛው ሳያስበው ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰብ ፎቶ የሚጠሩኝ ሰዎች በዝተዋል፤ ኪራዩንም ተካፍለን መክፈል ጀምረናል። እማዬ መጥታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየችና መጨረሻ ላይ ከራሴ ፎቶ ፊት ቆመች። ልጄ ያነሣችኝ ነው፤ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል። ብዙ ቆየች። «እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም፤ ቡና አዘዝኩላት።

ጥርሴን ወደፊት አሠራው ይሆናል። አልማልኩም።

በቅርቡ ለፋይዳ መታወቂያ ለመመዝገብ ከልጄ ጋር ሄድን። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ተራዬ ደርሶ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩና ከልምዴ የተነሣ ጥርሴን እስከ መንጋጋዬ አሳየሁት። መዝጋቢው ወጣት ቀና ብሎ አየኝና በትሕትና «እትዬ፣ ይቅርታ፣ አፍዎን ይግጠሙልኝ፤ ጥርስ መታየት የለበትም» አለኝ።

ልጄ ከወረፋው መሀል ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሆዷን።